ሦስት ሳጥን ሸክላ፣ በየሽፋኑ የኳስ ትኬት፦ በ350 ዶላር ልሽጠው?

ጥያቄው ከቨርጂንያ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሆም ኬር ነው የምሠራው። አራት ዓመት የተንከባከብኳቸው የ88 ዓመት አዛውንት አረፉ። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፣ ተወልደው ያደጉት ዋሽንግተን ነው። ቤዝቦል ካለ ምግብ እንኳ አያስታውሱም ነበር። ልጃቸው ቤቱን ስታጸዳ ሦስት ሳጥን ሸክላ ሰጠችኝ። ወደ 140 ይሆናል፣ ጃዝ ነው። በየሽፋኑ ውስጥ የቤዝቦልና የአሜሪካ ፉትቦል ትኬት ተሰክቷል። በእርሳስ ቁጥር የተሞሉ ወረቀቶችም አሉ። 6-4-3 ምናምን ይላሉ፣ የሎተሪ ቁጥር ነው የመሰለኝ። አንድ ሱቅ ወስጄ ባሳይ ‹ሸክላውን በ350 ዶላር እወስዳለሁ፣ ወረቀቱን ጣዪው› አለኝ። ልሽጠው? ደግሞስ የኳስ ሰው ይህን ሁሉ ሸክላ ምን ይሠራለታል? ሱቁስ አጭበረበረኝ ወይ? ፎቶ ልኬያለሁ።»

እህቴ፣ አጭሩ መልስ፦ ዛሬ አትሽጪ። ወረቀቱንም አትጣዪ። ከሁሉም በላይ ወረቀቱን። ረጅሙን መልስ ደግሞ ቡና አፍልተሽ አንብቢው። ሃያ ምናምን ዓመት ያገለገለ ሸክላ ስገዛና ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝና አንዴ ከጀመርኩ ቶሎ አላቆምም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን ከሸክላ ጋር የማይገናኝ አንድ ጉዳይ። ብዙ የሆም ኬር ድርጅቶች ሠራተኛቸው ከታካሚ ወይም ከቤተሰብ ስጦታ እንዳይቀበል የሚከለክል ደንብ አላቸው። ያንቺንም ጠይቂ። ልጃቸውንም ሁለት መስመር አጽፊያት፦ ይህን ይህን ሰጥቻታለሁ፣ ቀን፣ ፊርማ። አሁን ማንም ግድ ላይሰጠው ይችላል። ነገ አንዱ ሸክላ ብዙ ብር አወጣ ሲባል ግን እስከ ዛሬ ያልታየ የእህት ልጅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። እሱን ካስቀደምኩት ሳጥኑን ማንበብ ይቀልሻል።

6-4-3 ሎተሪ አይደለም። በቤዝቦል እያንዳንዱ የሜዳ ቦታ ቁጥር አለው። ወርዋሪው 1፣ ከኋላ ተቀማጩ 2፣ አንደኛው ቤዝ 3፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 5፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል የሚቆመው 6፣ ከሩቅ ያሉት 7፣ 8 እና 9። 6-4-3 ማለት ስድስት ቁጥር ኳሷን ያዘ፣ ለአራት ቁጥር ወረወረ፣ እሱ ደግሞ ለሦስት ቁጥር። በአንድ ምት ሁለት ሰው ወጣ ማለት ነው። የእንግሊዝኛዋ «ኬ» ፊደል ካለች መቺው ሦስት ጊዜ ስቶ ወጥቷል። «ኬ»ዋ ፊቷን አዙራ ከተጻፈች ደግሞ ሦስተኛዋን ዱላውን ሳይነቀንቅ ቆሞ እያያት አለፈችው። አዛውንቱ ስታዲየም ተቀምጠው እያንዳንዷን ኳስ በእርሳስ ሲመዘግቡ ነበር። ወረቀቱን ማንበብ የሚችል ሰው ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በኋላም ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየዋል።

ቤዝቦል የሚወድ ሰው መዝገብ ይወዳል። የጃዝ ሸክላ ሰብሳቢም ያው ነው። ከሸክላዎቹ አንዱን ገልብጪና ጀርባውን እዪ። መለከት እገሌ፣ ፒያኖ እገሌ፣ ከበሮ እገሌ፣ የተቀዳው በዚህ ቀን ይላል። ሌላው አድማጭ ዜማውን ካወቀ ይበቃዋል። የጃዝ ሰው ግን ዛሬ ማን ተሰለፈ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ያው ዜማ ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ከበሮ መቺ ሲቀዳ ሌላ ግጥሚያ ነው። ሁለቱንም ይገዛል። ከዚያ ቤቱ ቦታ ያልቃል፣ ሚስት ትቆጣለች። ከራሴ ነው የማወራው።

አንድ ምሳሌ ከራስሽ ሳጥን። ዱክ ኤሊንግተን በኒውፖርት ፌስቲቫል የተጫወተው ሸክላ በፎቶሽ ይታያል። ጁላይ 7 ቀን 1956 ነው። ፖል ጎንሳልቬዝ የሚባል ሳክስፎን ነፊ በአንድ ዜማ መሃል ተነሳና ያለ ማቋረጥ 27 ዙር ነፋ። ሕዝቡ አበደ። ያረጀ ቡድን ነው ሲባል የነበረው የኤሊንግተን ባንድ ከዚያ ሌሊት በኋላ እንደገና ነፍስ ዘራ። በቤዝቦል ደግሞ አንድ ሙሉ ጨዋታ ለመዝጋት 27 ሰው ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ዘጠኝ ዙር፣ በየዙሩ ሦስት ሦስት። ግጥምጥሞሽ ነው። ግን በእርሳስ ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ይህችን ሳያስተውሉ አልፈዋል ብዬ አላምንም። በነገራችን ላይ የ1956ቱ ሸክላ የተወሰነው ክፍል ስቱዲዮ ገብተው ደግመው የቀዱት ነው። ጎንሳልቬዝ ደግሞ ያን ሌሊት የነፋው በሸክላ ቀጂዎቹ ሳይሆን በሬዲዮ ጣቢያ ማይክሮፎን ላይ ስለነበር ድምፁ በሸክላው ላይ ሩቅ ነው። እውነተኛው የመድረክ ቅጂ ተስተካክሎ የወጣው በ1999 ነው። መዝገብ እንዲህ ይታረማል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሰፈሩ ደግሞ አለ። 9ኛውና ዩ ስትሪት ካሉት ምግብ ቤቶቻችን ትንሽ በእግር ብትሄጂ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ታገኛለሽ። ስንቶቻችን ልጅ የወለድንበት፣ ስንቶቻችን የሠራንበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ እስከ 1965 ድረስ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። የመሃል ሜዳው አጥር ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው የተሠራው፤ አምስት ቤቶችና አንድ ትልቅ ዛፍ ነበሩና ባለቤቶቹ አንሸጥም አሉ። ሴኔተርስ የሚባለው የዋሽንግተን ቤዝቦል ቡድን እዚያ ተጫወተ። የከተማው ፉትቦል ቡድንም ከ1937 እስከ 1960። የጥቁሮቹ ሊግ ኃያል ቡድን ሆምስቴድ ግሬይስም እዚያው።

ዱክ ኤሊንግተን ደግሞ የዚያው ከተማ ልጅ ነው፣ በ1899 የተወለደ። በልጅነቱ በሴኔተርስ ጨዋታ ላይ ኦቾሎኒ ይሸጥ ነበር። የፒያኖ ትምህርቱን እየዘለለ ቤዝቦል ይጫወት ነበር። ራሱ ነው የተናገረው። ከስታዲየሙ ጥቂት መንገድ ወረድ ብሎ በ1910 የተከፈተው ሃዋርድ ቲያትር አለ፤ ትልልቆቹ ባንዶች የሚመጡበት። ስለዚህ የዚያ ሰፈር ልጅ ቀን ኳስ ያያል፣ ማታ ሙዚቃ ይሰማል። ለአዛውንቱ ኳስና ጃዝ ሁለት ሱስ አይመስለኝም። አንድ ሰፈር ነው። ትኬቱን ሸክላው ውስጥ የሰኩትም ለዚህ ይመስለኛል።

«ጃዝ» የሚለው ቃል ራሱ በጋዜጣ ላይ መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የስፖርት ገጽ ነው ብልሽስ? በ1912 አንድ የካሊፎርኒያ ጋዜጣ ስለ አንድ ቤዝቦል ወርዋሪ «የጃዝ ኳስ» ጽፏል። ለሙዚቃው ስም ሆኖ የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው።

እሺ፣ ወደ ገንዘቡ።

ሳጥኖቹን ለሦስት ክፈያቸው። መጀመሪያ ከባዶቹን፣ ወፍራሞቹን፣ ጥቁር ሰሌዳ የሚመስሉትን ለዪ። እነሱ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት ናቸው፣ በአንድ ፊት ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚይዙት። «ሸክላ» የሚለው ስማችን በትክክል የሚገባው ለእነዚህ ነው። ከእጅሽ ቢወድቁ እንደ ጀበና ነው የሚሰበሩት። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው የተቀዱትም በዚሁ ዓይነት ነበር። አሁን ክፉውን ዜና ልንገርሽ። በፎቶ ያየኋቸው የኤሊንግተንና የካውንት ቤዚ 78ቶች ታዋቂ ስለነበሩ በብዛት ታትመዋል። አብዛኞቹ ከጥቂት ዶላር አያልፉም። ስም ትልቅ ነው ማለት ዋጋ ትልቅ ነው ማለት አይደለም። በዚህ ሥራ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው።

አንዱን ግን ለብቻው አስቀምጪልኝ። ካውንት ቤዚ በ1949 ስለ ጃኪ ሮቢንሰን የተጫወተው። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 በትልቁ የቤዝቦል ሊግ የቀለሙን ግንብ ያፈረሰው ጥቁር ተጫዋች ነው። ዋጋው ያን ያህል አይደለም። ግን ሽፋኑ ውስጥ ትኬት ካለ የየትኛው ጨዋታ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

78ቶቹን በአልኮል እንዳትጠርጊ። የተሠሩበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል። በተለመደው የሸክላ ማጫወቻ መርፌም አትሞክሪያቸው፤ ወፍራም፣ ለእነሱ የተሠራ መርፌ ነው የሚፈልጉት።

ሁለተኛው ክምር ረጃጅሞቹ ናቸው፣ ከ1948 ጀምሮ የመጡት ባለ 33ቶች። ከእነዚህ ውስጥ መጀመሪያ ሽፋናቸው ላይ ባርኮድ ያለባቸውን አውጪ። ባርኮድ በሸክላ ሽፋን ላይ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የ1958 ቀረጻ ባርኮድ ካለው እንደገና የታተመ ነው። ለመስማት ጥሩ፣ ለመሸጥ ግን ተራ ነው። ይህ ብቻ ሩቡን ያህል ሊያቀልልሽ ይችላል።

የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦቭ ብሉ» አይተሽ ደስ እንዳለሽ ጽፈሻል። ትልቅ ሥራ ነው። በኦገስት 1959 የወጣ፣ በአሜሪካ ብቻ ከአምስት ሚሊዮን በላይ የተሸጠ። ችግሩም ይኸው ነው፤ የሌለው ሰው የለም። ያንቺው ዋጋ እንዲኖረው መሃሉ ላይ ያለው ቀይ ክብ ወረቀት፣ ሌብሉ ማለት ነው፣ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ነጭ የዓይን ምልክት ሊኖረው ይገባል። ስድስት ዓይን እንለዋለን። ዓይኖቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ ከ1962 ወዲህ የታተመ ነው። ለጨዋታ ያህል ደግሞ፦ የዚህ ሸክላ አንደኛው ፊት ሲቀዳ የቴፕ መቅጃው በትንሹ ዘግይቶ ነበር የሚዞረው። ስለዚህ ስትሰሚው ድምፁ ከትክክለኛው ጥቂት ከፍ ይላል። ይህ የታረመው በ1992 ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሸክላው ጋር አብረው የሚለማመዱ ሙዚቀኞች መሣሪያዬ ተበላሸ እያሉ ኖረዋል።

ሦስተኛው ክምር ነው ልቤን ያስደነገጠው። ብሉ ኖት የሚል ሌብል ያላቸው ሰባት ሸክላዎች አሉሽ። እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ብሉ ኖት በ1939 ኒውዮርክ ውስጥ የተቋቋመ ትንሽ ድርጅት ነው። አልፍሬድ ላየንና ፍራንሲስ ዎልፍ የሚባሉ ከናዚ ጀርመን የሸሹ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው የመሩት። ስደተኞች ማለት ነው፣ እንደኛው። በ1950ዎቹ የሚቀዱት ሩዲ ቫን ጌልደር የሚባል ሰው ወላጆች ሳሎን ውስጥ ነበር። ቀን የዓይን መነጽር ባለሙያ፣ ማታ ድምፅ ቀጂ። ገንዘብ ስለሌላቸው በጥቂቱ ነው የሚያሳትሙት። ጥቂት ነገር፣ በጥሩ እጅ የተሠራ፣ በኋላ ዓለም ሁሉ የፈለገው። ዋጋ የሚወጣው ከዚህ ነው።

አንዱ የሳክስፎን ነፊው የሃንክ ሞብሌይ «ሶል ስቴሽን» ነው፣ ቁጥሩ 4031፣ በፌብሩዋሪ 1960 የተቀዳ። እንዲህ አድርጊ። ሌብሉ ላይ ከታች ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። «47 ዌስት 63ኛ» የሚል አድራሻ ካለ ደስ ይበልሽ። «ኒውዮርክ ዩኤስኤ» ብቻ ካለ ከዚያ በኋላ የታተመ ነው፣ እሱም አይናቅም። «የሊበርቲ ሪከርድስ ክፍል» የሚል ከሆነ ድርጅቱ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከተሸጠ በኋላ ነው።

ሌብል ብቻ ግን ይዋሻል። ድርጅቱ ሲሸጥ የተረፉ አሮጌ ሌብሎች ነበሩ፤ አዲሶቹ ባለቤቶች አልጣሏቸውም፣ አዲስ ሸክላ ላይ ለጠፏቸው። ስለዚህ የማይዋሸውን ቦታ እዪ። ሙዚቃው አልቆ መርፌው ወደ ሌብሉ የሚንሸራተትበት ባዶ ቀለበት አለ። የስልክሽን መብራት ከጎን አብሪበት። ቁጥሮች ታያለሽ። «አርቪጂ» ወይም «ቫን ጌልደር» የሚል ካለ፣ ያ ሳሎን ውስጥ ይቀዳ የነበረው ሰው ራሱ ነው የቀረጸው። ከዚያ ደግሞ የሰው ጆሮ የምትመስል ትንሽ ጭረት ፈልጊ። እስከ 1966 ድረስ ሸክላውን ያትም የነበረው ፋብሪካ ምልክት ናት፤ «ፒ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል በእጅ ስትጻፍ እንደዚያ ሆና ቀረች። በዓለም ያሉ ሰብሳቢዎች ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚሏት። ጆሮ አላት? የመጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይህን ነው።

አድራሻውም ጆሮውም ካለ፣ ሸክላውም ንጹህ ከሆነ፣ ያ አንድ ሸክላ ለብቻው ለጠቅላላው ከቀረበልሽ 350 ዶላር በላይ ያወጣል። አንድ። ሌሎቹን ስድስት ገና አላየናቸውም። የዚሁ የሞብሌይ 1568 ቁጥር ካለበት ደግሞ ሌላ ሰው ከማየቱ በፊት ደውዪልኝ። እየቀለድኩ አይደለም፤ እሱ ንጹህ ሲገኝ በብዙ ሺህ ዶላር ነው የሚሸጠው።

ንጹህ ማለት ምን ማለት ነው? ገዢዎች ደረጃ አላቸው። ሚንት፣ ኒር ሚንት፣ ቪጂ ፕላስ፣ ቪጂ እያለ ይወርዳል። የሚገርመው «ጉድ» የሚባለው ደረጃ መጥፎ ማለት ነው፤ የአሜሪካን ትህትና ታውቂዋለሽ። ቪጂ ፕላስ የኒር ሚንቱን ግማሽ ያህል ያወጣል፣ ቪጂ ሩቡን። አንድ ጭረት ነው ልዩነቱ። ለዚህ ነው አትነካኩት የምልሽ። ጠርዙንና መሃሉን ብቻ ያዢ። አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ በቀስታ አንሺ። የመስታወት ማጽጃ አይሆንም። ሻንጣ በሚመስለው ርካሽ ማጫወቻ ላይም ሶል ስቴሽንን አታጫውቺ፣ ልብሽ ቢፈልግም። አቁመሽ ደርድሪ እንጂ አንዱን ባንዱ ላይ አትከምሪ። በፎቶሽ ላይ አንዱ ሳጥን መኪና ውስጥ ነው። እባክሽ ዛሬውኑ አውጪው። የዋሽንግተን ጁላይ ሸክላን እንደ እንጀራ ያጣጥፈዋል።

እኔም ተሞኝቻለሁ፣ እንዳታፍሪ። በ2003 ገደማ አንድ ሳጥን ውስጥ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒውዮርክ ያሳተመውን «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» አገኘሁ። የመጀመሪያ እትም። ፈረንጅ አያውቀውም፣ አበሻውም ካሴት ነው የሚገዛው ብዬ በ20 ዶላር ሸጥኩት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሙላቱ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባና ዓለም አበደ። ዛሬ ያ ሸክላ በመቶዎች ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ከጃንሆይ ኒሻን ተቀበለ፣ ከሙላቱም ጋር ተገናኘ። ኦቾሎኒ ሻጩ ልጅ ማለት ነው። የዋሽንግተን ጃዝ ወዳዶች ሳጥን ውስጥ አንዳንዴ የእኛ ሰው ሸክላ ብቅ የሚለውም እንዲያው በተአምር አይደለም። የአምሀ ሪከርድስ መሥራች አምሀ እሸቴም በስደት ብዙ ዓመት የኖረው እዚሁ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሸክላ ካገኘሽ ከብሉ ኖቶቹ ጋር አድርጊው።

አሁን ጣዪው ወደተባልሽው ወረቀት።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። የፉትቦል ትኬቶቹ የሚጀምሩት ከ1962 ነው ብለሻል፤ ከዚያ በፊት አንድም የለም። እኔ አልገረመኝም። የዋሽንግተን ፉትቦል ቡድን በሊጉ ጥቁር ተጫዋች ለመጨረሻ ጊዜ የተቀበለ ቡድን ነው። ባለቤቱ እምቢ ብሎ ነበር። ቡድኑ አዲስ ወደ ተሠራው ስታዲየም ሲገባ መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የኬኔዲ መንግሥት አስገደደው። በ1962 ቦቢ ሚቼል መጣ። አዛውንቱ እስከዚያች ዓመት ድረስ ገንዘባቸውን አልሰጧቸውም። ምንም ጽሑፍ ላይተዉ ይችላሉ። ትኬቶቹ ግን ይናገራሉ። ከተለያዩ ይህ ታሪክ የለም፤ አንድ ትኬት ብቻውን ወረቀት ነው።

ከዚያም የ1946ቱ። «ግሬይስ» የሚለው፣ በልጅ እጅ ጽሑፍ የተሞላው። ያን ጊዜ አሥር ዓመታቸው ነበር ማለት ነው። ምናልባት አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው አሳይተዋቸዋል።

በ1946 ለግሬይስ ይጫወት የነበረው ጆሽ ጊብሰን ነው። በጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ፤ ጃኪ ሮቢንሰን ወደ ትልቁ ሊግ ከመግባቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ። የጥቁሮቹ ሊግ ጨዋታዎች በደንብ አልተመዘገቡም ነበር። ነጭ ጋዜጦች አይዘግቡትም፣ የጥቁሮቹ ጋዜጦች ደግሞ ብዙዎቹ በሳምንት አንዴ ነው የሚወጡት። ተመራማሪዎች ለዓመታት ጋዜጣ ለጋዜጣ እየዞሩ ቁጥሩን ለቀሙ። በሜይ 2024 ትልቁ ሊግ እነዚያን ቁጥሮች ወደ ራሱ መዝገብ አስገባ። ጊብሰን በአማካይ ምት .372 ሆኖ፣ ከሺህ ሙከራ 372ቱን አሳክቶ ማለት ነው፣ ለመቶ ዓመት ገደማ አንደኛ የነበረውን ታይ ኮብን በለጠ። ያንቺ ወረቀት ምናልባት ጋዜጣ ያልዘገበው ጨዋታ ነው። ምናልባትም አይደለም። ግን ይህ ሳይጣራ ቆሻሻ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ወረቀቶቹን ከማውጣትሽ በፊት እያንዳንዱን ከተሰካበት ሸክላ ጋር አድርገሽ ፎቶ አንሺ። ከዚያ ከሽፋኑ ማውጣት አለብሽ፤ አሮጌ ወረቀት፣ በተለይ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ሽፋኑን ቡናማ ያደርገዋል። በንጹህ ፖስታ አድርጊና ላዩ ላይ የሸክላውን ስም ጻፊ። ስኮች ቴፕ አትጠቀሚ። ለማን ልስጠው ካልሽ ሁለት ቦታ አለ። የዋሽንግተን ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማርቲን ሉተር ኪንግ ሕንፃው ውስጥ የከተማውን ታሪክ የሚሰበስብ ክፍል አለው። ካንሳስ ሲቲ ደግሞ የጥቁሮቹ ሊግ ሙዚየም አለ። ልጃቸውንም አማክሪ። የአባቷን የልጅነት እጅ ጽሑፍ አይታው እንደሆነ እንጃ። ሳታውቅ ሰጥታሽ ይሆናል። እኔ ብሆን ያችን አንዷን መልሼ እሰጣት ነበር፣ ኮፒ አስቀርቼ።

ሱቁ አጭበረበረኝ ወይ ላልሽው፤ አላውቅም፣ የግድም አይደለም። 350 ለ140 ሲካፈል አንዱ ሁለት ዶላር ተኩል ነው። ለ78ቶቹና ባርኮድ ላላቸው ያ ተገቢ ዋጋ ነው፣ እንዲያውም ቸርነት። ሱቅ ኪራይ አለበት፤ ከሚሸጥበት ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነው የሚሰጠው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ስህተቱ ብሉ ኖቶቹን ከቀሩት ጋር በአንድ ዋጋ መደመሩ ነው። እንዲህ አድርጊ። ሰባቱንና ስድስት ዓይኑን ካለ ለይተሽ አስቀሪ። ዲስኮግስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በባዶው ቀለበት ያለውን ቁጥር ፈልጊ፤ ሰዎች የጠየቁትን ዋጋ ተይና የተሸጠበትን ዋጋ እዪ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ከዚያ ለሁለት ሱቅ አሳዪ። የቀረውን በጅምላ ሽጪ፣ አትልፊበት።

አንድ ሁለቱን ደግሞ ለራስሽ አስቀሪ። ያች የኒውፖርቷ ብትሆን ጥሩ ነው። ብዙ አታወጣም። አራት ዓመት አብረሻቸው ስትሆኚ ሲያዳምጧት ሰምተሽ ይሆናል።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። የሶል ስቴሽን ባዶ ቀለበት በመብራት የተነሳ ፎቶ፣ በሁለቱም ፊት። ከ1946ቱ ወረቀት ደግሞ ቀኑንና ተጋጣሚው ቡድን ማን እንደሆነ ጻፊልኝ። የዚያን ሳምንት የጥቁሮቹን ጋዜጦች ፈልጌ ከወረቀቱ ጋር አስተያየዋለሁ። የጊብሰን ስም ካለ ከጎኑ ያሉትን ቁጥሮች አንድም ሳትዘዪ ገልብጪልኝ።